ቀለሙ ሰለቸኝ

አባቴ ካረፈ በኋላ መኪናዋ አራት ዓመት ያህል ከማንጎው ዛፍ ሥር ቆመች። ባሕር ዳር ውስጥ መኪናውን ማንጎ ሥር ያቆመ ሰው ምን እንደሚደርስበት ያውቃል። ወፉ አለ፣ ሙጫው አለ፣ ፍሬው በደረሰ ጊዜ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ኮፈኑ ላይ እየወደቀ የሚፈርጠው አለ። ቮልሷ ነጭ ናት፤ ማለቴ ሊብሬው ላይ ነጭ ናት። ጣሪያዋ ተሰነጣጥቋል፣ የበሮቿ ግርጌ አብጧል፣ ከጎማዎቿ በላይ ያሉት ፓራፋንጎዎቿ ላይ ያለው ቀለም በጥፍር ሲነኩት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል።

ባለፈው ግንቦት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስፓቱላ ይዤ ተነሣሁባት። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ያለውን ቀለም በሙሉ ገፍፌ እስከ ብረቱ ላወርደው፣ ከዚያ እንደ አዲስ ላስቀባት። "እስከ ብረቱ" የሚለው አነጋገር ራሱ ደስ ይለኝ ነበር። አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ሁሉ ይህ ምኞት ሳይኖርበት አይቀርም፤ ከሥር ያልተነካ ነገር የሚጠብቀው ይመስለዋል።

የእኛዋ የ1964 ዓ.ም. ሥሪት ናት። አባቴ ያኔም አዲስ አልገዛትም፤ ፖሊ ቴክኒክ ሲያስተምር ከሥራ ባልደረባው ላይ ነው የወሰዳት። እኛ ልጆች "ኤሊዋ" እንላት ነበር። እንዲህ ዓይነቷ ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሐምሌ 30 ቀን ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የመጨረሻዋ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን ተኩል በላይ ተሠርታለች፤ ስለዚህ ብርቅ ናት ብዬ አልዋሽም። ግን ለእንደኔ ያለ ጀማሪ የተሠራች መኪና ናት። አራቱም ፓራፋንጎዎቿ ከገላዋ ጋር የተበየዱ ሳይሆኑ በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውን ፈትቶ፣ እንደ ሰፌድ ጭን ላይ አስቀምጦ መሥራት ይቻላል። ይህን ጉዳይ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ቀን በቀላሉ አለፈ። በጣም ቀላል ስለሆነ ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ። ስፓቱላውን ከነጩ ቀለም ጠርዝ ሥር ሳስገባው መዳፍ መዳፍ የሚያህል ቅርፊት እየተነሣ ይወድቃል። ከሥሩ ክሬም ቀለም ወጣ፤ ልጅ ሳለሁ የማውቀው ክሬም። እንኳን ሊበላሽ ያበራል።

ከጎረቤታችን አንድ አዛውንት አሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና ሲቀቡ የኖሩ። ጋሼ ነው የምላቸው። አሁን ሥራ ትተዋል፤ ሳል አለባቸው፤ የሳላቸውን ምክንያት ሲጠየቁ በኮምፕሬሰር ቀለም እንደሚነፋ ሰው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። በአጥሩ በኩል የመፋቂያውን ድምፅ ሰምተው መጡ። ከመሬት አንዱን ቅርፊት አነሡና በጀርባው ገልብጠው ፀሐይ ላይ ያዙት። "አየህ?" አሉኝ። ጀርባው እንደ መስታወት ለስላሳ ነበር። "ይህን የቀባ ሰው ክሬሙን ብርጭቆ ወረቀት አላስነካውም። አጥቦ ብቻ ነፋበት። ቀለም የሚይዘው በጭረት ነው፤ ጭረት ከሌለው ይተኛበታል እንጂ አይጨብጠውም።"

ነጩ የተቀባው በ1998 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ነኝ ወስጄ ያስቀባሁት። ርካሹን የመረጥኩትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ዝም አልኩ።

ጋሼ ቀጠሉ። ጨርቅ በቲነር አርሰው ነጩ ላይ ሲያሹት ቀለሙ ተጨማደደ። ክሬሙ ላይ ሲያሹት ግን ክሬሙ ራሱ ሟሙቶ ጨርቁ ላይ ወረደ። "ክሬሙ ናይትሮ ነው፤ ነጩ የዘይት ቀለም ነው። በነጩ ላይ ናይትሮ ብትነፋበት እንደዚህ ያኮራምተዋል። ስለዚህ ነጩ አንድም ሳይቀር ይነሣ። ክሬሙን ግን ምን አድርጎህ ነው የምትገፍፈው? የያዘ ቀለም አይነካም። ላዩን አሻክረህ ትቀባበታለህ። ከእሱ የተሻለ መሠረት አንተም አታመጣም እኔም አላመጣም።"

አልሰማኋቸውም። እስከ ብረቱ ነበር የምፈልገው።

በማግሥቱ እሑድ ቀለም ማስለቀቂያ ኬሚካል ገዝቼ በግራው በር ጀመርኩ። ሰዓቱ ስድስት ሰዓት፣ የበሩ ላሜራ እጅ የማያስነካ። በብሩሽ ቀባሁት፤ ወፍራም ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ሽታው ጣፋጭ ነገር ያለበት። አንድ ሲጋራ አጭሶ በማይጨረስበት ጊዜ ውስጥ ደረቀ። ቀለሙ አልተነፋም፣ አልተሸበሸበም፤ ዱቄት የመሰለ ነገር ብቻ ቀረ። ደገምኩት። ያው ነው። ጣሳውን ግማሽ ድረስ ጨርሼ በበሩ ላይ የታየው ለውጥ ላቤ ብቻ ነበር።

ማታ ጣሳው ላይ የተጻፈውን አነበብኩ። ሥራውን የሚሠራው ዳይክሎሮሜቴን የሚባል ፈሳሽ ነው። በቀለሙ ውስጥ ሰርጎ ያሳብጠዋል፣ ያበጠውም ቀለም ከብረቱ ላይ ራሱን ይለቃል። ችግሩ ይህ ፈሳሽ በባሕር ወለል ከፍታ እንኳ 40 ዲግሪ ላይ ይፈላል። እኛ የምንኖረው ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብለን ነው፤ ውሃው ከመቶ ዲግሪ በታች እንደሚፈላ ሁሉ ይህም ከ40 በታች ይፈላል። በቀትር ፀሐይ በጋለ ላሜራ ላይ ቀባሁት ማለት ምጣድ ላይ አፈሰስኩት ማለት ነው። ጋሼ ኬሚስትሪውን አያውቁትም፤ ግን በማግሥቱ ስነግራቸው "በጠዋት፣ በጥላ፣ ከቀባኸው በኋላ ደግሞ ላስቲክ አልብሰው" አሉኝ። ሦስቱም አንድ ነገር ነው፤ እንዳይተን።

ላስቲክ አልብሼ ለሃያ ደቂቃ ስተወው በሩ እንደ ተኮማተረ ቆዳ ተነሣ። በስፓቱላ ስገፋው ሦስቱም ቀለም አብሮ ተጠቀለለ፤ ነጭ፣ ክሬም፣ ከሥሩም ሰማያዊ።

ሰማያዊውን በፎቶግራፍ እንኳ አይቼው አላውቅም ነበር። በቤታችን ያሉት የመኪናዋ ፎቶዎች በጥቁርና ነጭ የተነሡ ናቸው። ቀይሮ ክሬም እንዳስቀባት ብቻ እናውቃለን፤ ሰው ለምን ብሎ ሲጠይቀው ደግሞ አባቴ ሁልጊዜ የሚመልሰው አንድ ነገር ነበር፤ "ቀለሙ ሰለቸኝ።" አባቴ የሚሰለቸው ሰው አልነበረም። አንድ ኮት አሥራ ሁለት ዓመት የለበሰ፣ በየቀኑ በአንድ መንገድ ወደ ሥራ የሄደ ሰው ነው። ይህን መልስ ግን ማንም አልመረመረበትም።

ስለ ኬሚካሉ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም እኔ ያደረግኩትን የሚያደርግ ሰው ይኖራል። የሁለተኛውን በር የሠራሁት ዝናብ ስለጀመረ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በር ዘግቼ፣ ተንበርክኬ ነው። የዚህ ፈሳሽ ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ታች ይወርድና እንደ ውሃ ወለሉ ላይ ይተኛል። እኔም ወለሉ ላይ ነበርኩ። ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ከፊሉ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፤ የከሰል ጢስ ቤት ውስጥ ሰው የሚገድልበት ያው ነገር ማለት ነው። ራስ ምታት ያዘኝ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ወጥቼ ማንጎው ሥር ተቀመጥኩ። ጋሼ መጥተው አዩኝና ምንም ሳይናገሩ የዕቃ ቤቱን በርና መስኮት በረገዱ። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2019 ይህ ነገር ለተራ ሰው ቀለም ማስለቀቂያ ሆኖ እንዳይሸጥ የከለከሉት ሰው እየሞተበት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የተረፈውን ሥራ በእጄና በብርጭቆ ወረቀት ጨረስኩት፤ ወረቀቱንም በውሃ እያራስኩ፣ ምክንያቱም የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ አቧራው ከሚበን ጭቃ ሆኖ ቢወርድ ይሻላል። ጭቃውን ደግሞ በጆንያ ሰብስቤ አስቀመጥኩት እንጂ ወደ ቦዩ አልለቀቅኩትም። ቦዩ የሚሄደው ወደ ጣና ነው። ሐይቁ እምቦጩ ይበቃዋል።

ወደ ግራው በር ልመለስ። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ በሩ ባዶ ብረት ሆነ። ብረቱ ግራጫ፣ ልስልስ፣ ደስ የሚል ነበር። የዚያ ዘመን የመኪና ላሜራ ውፍረቱ ወደ አንድ ሚሊሜትር የሚጠጋ ብቻ መሆኑን ሳስብ ደግሞ ይበልጥ ደነቀኝ። በመዳፌ ዳሰስኩት። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ፈረስ እንደሚደባብስ ሰው ደጋግሜ። ከዚያ ደከመኝና ነገ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለም በፊት የሚቀባውን መሠረት፣ እቀባዋለሁ ብዬ ገባሁ። ሌሊት ካፊያ ጣለ፤ በሩ ግን ከቆርቆሮ ሥር ስለነበረ አልሠጋሁም።

ጠዋት ስወጣ በሩ ላይ የእጄ አሻራ ነበር። አምስቱም ጣቶቼ፣ የመዳፌ እብጠት፣ የአውራ ጣቴ መስመሮች ሳይቀሩ፣ በዝገት ተጽፈው። የተቀረው ብረት ቀለል ያለ ቡናማ ጉም ለብሷል፤ የነካሁበት ግን ደማቅ ነው። የእጅ ላብ ጨው ነው፤ ጨውና የሐይቅ ዳር እርጥበት አንድ ሌሊት ይበቃቸዋል። ጋሼ አይተው ብዙ ሳቁ፤ ሳሉና ደግመው ሳቁ። "ፈርመህበታል" አሉኝ። በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሙሉውን በር ደግሜ አሸሁት፣ በቲነር ወለወልኩት፣ ጓንት አድርጌ። ፀሐይ ከመግባቷ በፊት ፕራይመሩ ተቀባ። የተገፈፈ ብረት አያድርም፤ ሕጉ ይኼ ነው፣ እኔም በዚያ ሕግ ስንት ሰዓት የከፈልኩበትን ሥራ አጣሁ።

ከዚያ በኋላ የጋሼን ምክር ተቀበልኩ። ነጩን ብቻ ገፈፍኩ፣ ክሬሙን ባለበት አሻከርኩት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ኮፈኑም፣ ጣሪያውም፣ የኋላ ፓራፋንጎዎቹም አለቁ። ያለ አንዳች ታሪክ።

የፊት ቀኙ ፓራፋንጎ ቀረ።

ጋሼ ከአሮጌ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በኪሳቸው ይዘው ነው የሚዞሩት። ልማድ ሆኖባቸው እያንዳንዱን ላሜራ ያስነኩታል። ማግኔቱ በሁሉም ቦታ ጥብቅ ብሎ ይይዛል፤ በዚህ ፓራፋንጎ ላይ ግን፣ ከመብራቱ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ሲያስቀምጡት ተንሸራቶ እጃቸው ላይ ወደቀ። ትንሽ ዝቅ አድርገው ሞከሩ፤ ወደቀ። መዳፍ ተኩል በሚያህል ቦታ ላይ ማግኔቱ አንድም ጊዜ አልያዘም። "ስቱኮ ነው" አሉኝ፤ የተጎዳ ላሜራ የሚደፈንበት ሊጥ ማለታቸው ነው። "ወፍራም ስቱኮ።"

"መኪናዋ ተመትታ አታውቅም" አልኳቸው። አባቴ እንደዚያ ነበር የሚለው።

ጋሼ መልስ አልሰጡኝም። ፓራፋንጎውን ፈትቼ ጭኔ ላይ እንዳደርገው ብቻ ነገሩኝ። ከዚያ 180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በእንጨት ጠቅልለው ሰጡኝና ማግኔቱ በወደቀበት ቦታ ዳር ላይ በዝግታ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በሰያፍ እንዳሽ አዘዙኝ።

ቀለም በሰያፍ ሲታሽ እንደ ተቆረጠ ቀይ ሽንኩርት ቀለበት ቀለበት ሆኖ ይገለጣል። ውጭው ክሬም። ቀጥሎ እንደ ክር የቀጠነ ግራጫ ፕራይመር። ቀጥሎ ሰፊ፣ ቢጫማ፣ ጠመኔ የሚመስል ስቱኮ። ከስቱኮው ሥር ሰማያዊ። ከሰማያዊው ሥር የፋብሪካው ጥቁር ፕራይመር፣ ከዚያም ብረት። ሰማያዊው በስቱኮው ሥር ባለበት ቦታ ሁሉ በሻካራ ወረቀት የተፋቀ ነው፤ ጭረቶቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። መሐሉ ላይ ደግሞ የታጠፈ ብረት አለ። ስቱኮው በወፈረበት ቦታ የትንሿን ጣቴን ጥፍር ርዝመት ግማሽ ያህል ይሆናል።

ጋሼ መነጽራቸውን አጥልቀው ብዙ ጊዜ አዩት። "የተመታችው ሰማያዊ እያለች ነው" አሉ። "ስቱኮው በሰማያዊው ላይ ነው የተቀመጠው፣ ክሬሙ ደግሞ ወዲያው በስቱኮው ላይ። መሐል ላይ ሌላ ሰማያዊ የለም። ተመታች፣ ተደፈነች፣ በዚያው ክሬም ሆነች። አንድ ሥራ ነው፤ ምናልባት የአንድ ሳምንት። ሥራውም ጥሩ ሥራ ነው።"

ቤት ገባሁና የሊብሬውን አቃፊ ከፈትኩ። አባቴ የቀለም ሰው ነበር፣ በሁለቱም ትርጉም፤ ወረቀት አይጥልም። ቀለም ለመቀየር ያመለከተበት ደብዳቤ ቅጂ፣ ማኅተም ያረፈበት፣ ከነቀኑ ተቀምጧል፤ ሚያዝያ 1979 ዓ.ም.፣ ከሰማያዊ ወደ ክሬም። በእጁ ጽሑፍ፣ በዚያ ጥርት ባለ የመምህር ጽሑፍ፣ "በግል ምርጫዬ" ይላል።

እናቴ ቡና ይዛልኝ ወደ ግቢው ስትወጣ ፓራፋንጎው አሁንም ጭኔ ላይ ነበር። ረከቦቱን አስቀመጠች፣ ጎንበስ ብላ ቀለበቶቹን አየች፣ በጣቷ መሐሉን ነካች።

"አገኘኸው?" አለችኝ።

የፋሲካ ጾም ነበር አለች። እሑድ፣ ገና ሊነጋጋ ሲል፣ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ባለበት ሰዓት። አባቴ መኪና መንዳት ያስተምራት የነበረው በዚያ ሰዓት ብቻ ነበር፤ ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን ሰው "ለሴት ማለማመጃ ያቃጥለዋል" እንዳይል። በሐይቁ ዳር መንገድ፣ ከዘንባባዎቹ ሥር። ፍሬን ልርገጥ ብላ ነዳጅ ረገጠች። አንዱን ዘንባባ መታችው።

"አባትህ ወረደ" አለች። "መጀመሪያ ዘንባባውን ዞሮ አየ። 'ምንም አልሆነም' አለኝ። ከዚያ ነው መኪናዋን ያየው።"

በማግሥቱ ወሰዳት። ባቲላሜራው ብረቱን በመጠኑ መልሶ በስቱኮ ደፈነው፤ ቀለም ቀቢው ግን አንድ ነገር ነገረው። የዓመታት ፀሐይ ያደበዘዘውን ሰማያዊ አዲስ ሰማያዊ ቢቀቡበት ሰው ሁሉ ከሩቅ ይለየዋል። ፓራፋንጎውን ብቻ ብትቀባው ተመትታለች ይሉሃል፤ ሙሉውን ሰማያዊ ብትቀባውም ለምን እንደገና ቀባኸው ይሉሃል። ቀለሟን ብትቀይር ግን የሚጠይቁህ ስለ ቀለሙ ነው።

"ያኔ ወሬው ቢወጣ መሪ ሁለተኛ አልይዝም ነበር" አለች እናቴ። "እሱም ያንን ያውቃል።"

በዚያው ዓመት መንጃ ፈቃድ አወጣች። እኔን ትምህርት ቤት ያደረሰችኝ እሷ ናት። አባቴ የአባይን ድልድይ በተሻገረ ቁጥር መሪውን በሁለት እጁ አንቆ ሲይዝ፣ እሷ በአንድ እጇ ነጠላዋን እያስተካከለች ነበር የምታልፈው። ማን የተሻለ ነጂ እንደነበረ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም አልኳት። ማን ጠየቀኝ አለችኝ፣ ቡናውንም ቀዳችልኝ።

ስቱኮውን በሙሉ አወጣሁት። እዚህ ቦታ ላይ እስከ ብረቱ መውረድ ልክ ነበር፤ አርባ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ስቱኮ በጠርዙ በኩል እርጥበት አስገብቶ ከሥሩ ዝገት ጀማምሮት ነበር፤ ቀለም ቢቀባበትም ዓመት አይቆይም። ጋሼ የሚያውቁት ባቲላሜራ መጥቶ ከውስጥ በኩል በመዶሻ፣ ከውጭ በኩል በብረት ድጋፍ እየያዘ ቀስ በቀስ መልሶ አወጣው። ግማሽ ቀን ፈጀበት። ሲጨርስ ስቱኮ የሚያስፈልገው ወረቀት የሚያህል ቀጭን ብቻ ሆነ፤ ማግኔቱም ያዘ። በዚያው ከሰዓት ፕራይመር ተቀባ፤ አላደረም።

ክረምቱ ገባና ሁሉም ነገር ቆመ። በዝናብ ወራት በዚህ ከተማ መኪና የሚቀባ ሰው ደፋር ነው ወይም ምድጃ ያለው ጋራዥ አለው። እስከ ጥቅምት ፕራይመር ለብሳ ግራጫ ሆና ከቆርቆሮ ሥር ቆየች። እናቴ አልፎ አልፎ እየወጣች በጨርቅ ትወለውላታለች።

የምንቀባትን ቀለም የመረጠችው እሷ ናት። ሰማያዊ። ናሙናውን ከበሩ ውስጥ፣ ከማጠፊያው ጥግ፣ ፀሐይም ሆነ ሌላ ቀለም ነክቶት ከማያውቅ ቦታ ቆርጬ ወሰድኩ፤ ጋሼም መደባለቂያው ላይ ቆመው ሦስት ጊዜ አስመለሱት።

ቀለም ለመቀየር ደግሞ ሊብሬው መስተካከል አለበት። በጥቅምት አንድ ማክሰኞ አቃፊውን ይዤ ተሰለፍኩ። የአባቴ ደብዳቤ ከላይ ነበር። ሠራተኛዋ ወረቀቶቹን እያገላበጠች፣ ከነጭ ወደ ሰማያዊ የሚለውን ጻፈች፣ ቀና ብላም፣ ለወግ ያህል ይመስለኛል፣ ለምን እንደምቀይረው ጠየቀችኝ።

"ቀለሙ ሰለቸኝ" አልኳት።